ጥላሸትና ፊት፦ በርት ዊሊያምስ ከቮድቪል መድረክ ወደ ፊልም

በየካቲት 1906 ኒውዮርክ በሚገኘው ማጀስቲክ ቴአትር «አቢሲኒያ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ለሕዝብ ታየ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተውኔቱን የጻፉት፣ ዜማውን የደረሱትና የተጫወቱት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ታሪኩ ከካንሳስ ተነሥተው ኢትዮጵያን ሊያዩ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያንን ይከተላል፤ አፄ ምኒልክም እንደ ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ ይወጣሉ። እውነተኛው ምኒልክ በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ከዐድዋ ድል በኋላም ገና ዐሥር ዓመት መሙላቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥትና መኳንንት ሆነው በኩራት ከተሰለፉት ተዋንያን ፊት የሚቆመው ዋናው ኮሜዲያን ግን ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁሮ፣ ከንፈሩን አስፍቶ ቀብቶ፣ ከልኩ በላይ የሆነ ጫማ እየጎተተ ነበር። ሰውየው ራሱ ጥቁር ነው። ጥቁርነቱን በጥላሸት ደግሞ አጠቆረው።

ስሙ በርት ዊሊያምስ ይባላል። በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ ከእሱ የበለጠ የታወቀ ጥቁር የመድረክ ሰው አልነበረም። ቮድቪል ከተባለው ቅይጥ ትርኢት መድረክ ተነሥተው ወደ ፊልም የተሻገሩ ኮሜዲያኖችን ታሪክ ስናነብ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው የመውጣት ታሪክ ነው፤ በስተር ኪተን ከወላጆቹ ጋር በመድረክ ላይ እየተወረወረ አደገ፣ ከዚያም በፊልም ዓለምን አሳቀ፤ ቻርሊ ቻፕሊን ከእንግሊዝ መድረኮች መጥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ገነነ። የዊሊያምስ ጉዳይ ከእነዚህ ይለያል። ፊልም ገና በአፍላነቱ ሳለ ዊሊያምስን ያህል ሰው አገኘ፤ ቀረጸው፤ ከዚያም ቆርቆሮ ውስጥ ዘግቶ መቶ ዓመት አስቀመጠው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ጥላሸቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።

ኤግበርት ኦስቲን ዊሊያምስ በኅዳር 1874 በባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ተወለደ። ቤተሰቡ ልጁን ይዞ ወደ ፍሎሪዳ፣ በኋላም ወደ ካሊፎርኒያዋ ሪቨርሳይድ ተሻገረና እዚያ ኑሮውን መሠረተ። ልጁ ረጅም፣ የቆዳው ቀለም ፈካ ያለ፣ አነጋገሩ የተመዘነና መጽሐፍ ወዳድ ነበር። በኋላ ዘመኑ ራሱ እንደተናገረው፣ በመድረክ ላይ ይናገረው የነበረው የአሜሪካ ደቡብ ክፍል ጥቁሮች አነጋገር ለእሱ እንደ ጣሊያኖች አነጋገር ባዕድ ነበር፤ ተቀምጦ አጥንቶ ነው የያዘው። ይህን ልብ ማለት ያሻል። ታዳሚው «ተፈጥሮው ነው» ብሎ ይስቅበት የነበረው ሁሉ በትጋት የተሠራ ጥበብ ነበር።

በ1893 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ከጆርጅ ዎከር ጋር ተገናኘ። ዎከር የካንሳሷ ሎውረንስ ልጅ ነው፤ መድኃኒት አዙረው የሚሸጡ ነጋዴዎች ሰው ለመሰብሰብ ከሚያሠሩት ትርኢት ጋር እየዞረ፣ እየጨፈረና እየዘፈነ ያደገ ቀልጣፋ ወጣት ነበር። ሁለቱ ተጣመሩ። በሚቀጥለው ዓመት በሳንፍራንሲስኮ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከምዕራብ አፍሪካዋ ዳሆሜ፣ ከዛሬዋ ቤኒን፣ መጥተው እንዲታዩ የተፈለጉት ሰዎች ዘገዩ። አዘጋጆቹም የአገሩን ጥቁሮች ቀጥረው «ዳሆሜዎች» ብለው አቀረቡ፤ ከተቀጠሩት መካከል ዊሊያምስና ዎከር ነበሩ። እውነተኞቹ ሲደርሱ ሐሰተኞቹ ተሰናበቱ፤ ነገር ግን ሁለቱ ወጣቶች ኤግዚቢሽኑን እየጎበኙ አፍሪካውያኑን አዩዋቸው። ዎከር ከዓመታት በኋላ በጻፈው ጽሑፍ፣ አንድ ቀን የራሳችንን መድረክ ስናገኝ አፍሪካዊውን ጉዳይ እናመጣዋለን ብለው ያሰቡት በዚያን ጊዜ እንደሆነ ይናገራል። «አቢሲኒያ» የተዘራው እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቮድቪል ምን እንደነበር በአጭሩ ልግለጽ። ዘፋኝ፣ ጠንቋይ መሳይ ምትሐተኛ፣ ገመድ ላይ የሚሄድ፣ ውሻ የሚያስጨፍርና ቀልደኛ እየተፈራረቁ፣ እያንዳንዳቸው ለጥቂት ደቂቃ የሚወጡበት የመድረክ ዝግጅት ነው። የሀገር ፍቅር ቴአትርን የቀድሞ ቅይጥ ዝግጅቶች የሚያውቅ ሰው ጠባዩ አይጠፋበትም። ልዩነቱ ስፋቱ ላይ ነው፤ ባለሀብቶች በየከተማው የቴአትር ቤቶች ሰንሰለት ዘርግተው፣ ተዋንያኑ በባቡር ከከተማ ከተማ እየዞሩ በቀን ሁለት ጊዜና ከዚያም በላይ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ለጥቁር ሰው የተከፈተው በር ጠባብ ነበር፤ በሩ ላይ ደግሞ መክፈያው ጥላሸት ነው።

ከዊሊያምስ በፊት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ ጥቁር ሰው ሰነፍ፣ ፈሪና ሌባ ነው እያሉ ያሳቁበት «ሚንስትሬል» የተባለ የትርኢት ዓይነት አሜሪካን አዳርሶት ነበር። ከባርነት ነፃ መውጣት በኋላ ጥቁሮች ራሳቸው ወደ መድረክ ሲመጡ ታዳሚው የሚጠብቀው ያንኑ ጭምብል ሆነ። ዊሊያምስና ዎከር መጀመሪያ ላይ ፊታቸውን ሳይቀቡ ነበር የሚጫወቱት፤ ዎከር አሳቂ፣ ዊሊያምስ ደግሞ ቁም ነገረኛው ነበር። ነጮቹ ቀቢዎች ራሳቸውን ያስተዋውቁበት የነበረውን፣ ለጥቁር ሰው ስድብ የሆነውን ቃል እነሱም ወስደው «እውነተኞቹ ሁለቱ እኛ ነን» ብለው በማስታወቂያ ላይ አወጡት። ስድቡን ነጥቆ እንደ ማዕረግ መያዝ ነው። ብልሃት ነበር፤ ዋጋ ግን ነበረው።

በ1896 ዲትሮይት ውስጥ ዊሊያምስ ለሙከራ ያህል ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ ቀብቶ አንድ የቀልድ ዘፈን ይዞ ወጣ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን በኋላ ሚናቸው ተገለባበጠ፤ ዊሊያምስ አሳቂው ገልቱ፣ ዎከር ደግሞ ዘናጩ ብልጥ ሆነ። ዓመቱን ስመለከተው ሁልጊዜ ያመኛል። የዐድዋ ዓመት ነው፤ 1888 ዓ.ም.። በአንድ በኩል ጥቁር ሕዝብ የአውሮፓን ጦር ድል ነሥቶ ዜናው ዓለምን ያዳርሳል፤ በሌላ በኩል የተማረና የሠለጠነ አንድ ጥቁር ወጣት እንጀራ ለማግኘት ፊቱን ጥላሸት ይቀባል። በአማርኛችን «ስሙን ጥላሸት ቀባው» ስንል ሌላ ሰው በሌላው ላይ የሚያደርሰውን በደል ማለታችን ነው። ዊሊያምስ ራሱን በራሱ እንዲቀባ የሚያስገድድ ዓለም ውስጥ ነበር የተገኘው።

ይሁንና ለፍርድ አንቸኩል። ዊሊያምስ ስለዚያ ምሽት ሲናገር ቀልድ የመጣለት ራሱን እንደ ሌላ ሰው ማየት ከቻለ በኋላ መሆኑን ነው የሚያስረዳው። ይህን የሚያውቅ የሚያውቀው ነው፤ ዓይን አፋር የሆነ ተዋናይ ጭምብል ሲያጠልቅ ይፈታል። እኔ በበኩሌ የማምነው ጥላሸቱ ለዊሊያምስ በአንድ ጊዜ መጠለያም እስር ቤትም እንደነበረ ነው። በተሰበረና በተዘበራረቀው የሚንስትሬል አሻንጉሊት ውስጥ ገብቶ ሰው አደረገው። የእሱ ገጸ ባሕርይ ሰነፍና ሌባ የተባለው ያ አሮጌ ምስል ሳይሆን ዕድል የከዳው፣ ግን ክብሩን አጥብቆ የያዘ ምስኪን ሰው ነው። በተሳፈረበት መርከብ ላይ ማዕበል የሚከተለውን ነቢዩ ዮናስን እያሰቡ «ዮናሱ ሰው» ይሉት ነበር። ዊሊያምስም ገጸ ባሕርዩን ሲገልጽ፣ ሰማይ ሾርባ ቢያዘንብ ሰው ሁሉ ማንኪያ ሲይዝ እሱ ሹካ ይዞ የሚገኝ ሰው ነው ብሏል።

ኒውዮርክ ሲደርሱ ነገሩ ፈጠነ። ኬክዎክ የተባለውን የጥቁሮች ጭፈራ በትልቁ ከተማ ያስለመዱት እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል። በ1900 በኒውዮርክ በጥቁሮች ላይ ረብሻ በተነሣ ጊዜ ግን ጎዳና የወጣው ሕዝብ የታወቁትን የጥቁር ተዋንያን ስም፣ የዊሊያምስንና የዎከርን ጨምሮ፣ እየጠራ ይፈልጋቸው ነበር። ትናንት ያጨበጨበ ሕዝብ ነው። በ1901 ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። በየካቲት 1903 ደግሞ «ኢን ዳሆሜ» የተሰኘ ተውኔታቸው በብሮድዌይ፣ በኒውዮርክ የታላላቅ ቴአትሮች ሰፈር፣ ትልቅ ቴአትር ቤት ተከፈተ፤ በጥቁሮች ተጽፎ በጥቁሮች የተሠራ ሙሉ ሙዚቃዊ ተውኔት በዚያ ደረጃ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር። ዜማው የዊል ማሪየን ኩክ፣ ግጥሙ በአብዛኛው የገጣሚው ፖል ሎሬንስ ደንባር ነው። በዚያው ዓመት ለንደን ሄዱ፤ በሰኔ ወርም በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በትንሹ ልዑል ልደት ላይ ተጫወቱ።

ከዚህ በኋላ ነው «አቢሲኒያ» የመጣው። ለምን ኢትዮጵያ? ዳሆሜ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ እጅ ወድቃለች። ኢትዮጵያ ግን ነፃ ናት፤ ንጉሠ ነገሥት፣ ሕግና ሠራዊት አላት። በታኅሣሥ 1903 የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ገብቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራርሟል፤ ዜናውም በአሜሪካ ጋዜጦች ወጥቷል። ለዎከርና ለጓደኞቹ ኢትዮጵያ ጥቁር ሰው ንጉሥ ሆኖ ቢታይ ማንም «ውሸት ነው» ሊል የማይችልበት አገር ነበረች። በተውኔቱ ውስጥ የአገሩ ሰዎች በክብርና በግርማ ይናገራሉ፤ የሚሳቅባቸው እንግዶቹ ናቸው። ዊሊያምስ የሚጫወተው ምስኪን ሰው የማያውቀው አገር ገብቶ በስርቆት ይከሰሳል፤ ቅጣቱን እየፈራ የንጉሡን ፍርድ ይጠብቃል።

እንደ ኢትዮጵያዊ ሳነበው የአገራችን ሥርዓት በትክክል አልተሣለም፤ ሊሣልም አይችልም ነበር፤ ከመጻፍ በፊት አገራችንን አይተው የመጡ ሰዎች አልነበሩምና። ግን እኔን የሚነካኝ ሌላ ነው። በአሜሪካ ምድር ለጥቁር ተዋናይ የተፈቀደለት ሳቅ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ እነዚህ ሰዎች ለንጉሥነት የሚሆን ቦታ ሲፈልጉ ያገኙት የእኛን አገር ነው። አንዳንድ ነጭ ሃያሲዎች ተውኔቱ ከጥቁሮች ለሚጠበቀው ቀልድ ከመጠን በላይ ቁም ነገር የበዛበት ነው ብለው ቅር ተሰኙ። በኒውዮርክ የታየው 31 ጊዜ ነው። ዊሊያምስ በቤቱ ውስጥ ጆን ኦጊልቢ በ1670 ያሳተመው «አፍሪካ» የተባለ ትልቅ መጽሐፍ ነበረው፤ በዚህ መጽሐፍ እየተረዳሁ በባቡር ውስጥ ሻንጣ የሚሸከም እያንዳንዱ ጥቁር የንጉሥ ዘር መሆኑን ማረጋገጥ እችላለሁ ይል ነበር። ይህን የሚል ሰው ነው እንግዲህ ማታ ማታ ቡሽ አቃጥሎ ፊቱን የሚቀባው።

በእነዚያው ዓመታት «ማንም» የሚል ትርጉም ያለውን ታዋቂ ዘፈኑን ወለደ፤ ዜማው የራሱ፣ ግጥሙ የአሌክስ ሮጀርስ ነው። በችግሬ ጊዜ ማን ደረሰልኝ ብሎ ይጠይቃል፤ ማንም ብሎ ይመልሳል። ግማሹን ይናገረዋል፣ ግማሹን ያዜመዋል፤ ዝምታውም የዜማው አካል ነው። ሰሙ የአንድ ዕድለ ቢስ ቀልድ ነው፤ ወርቁን በዘመኑ የነበረ ጥቁር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሕዝቡ ግን ዘፈኑን ከልክ በላይ ወደደው። ለሰባት ዓመት ያለ እሱ ከመድረክ የሚያስወርደው ጠፋ፤ በመጨረሻ ዜማውንና ግጥሙን የሠሩት ሰዎች ሳይሠሩት በፊት በታነቁ ኖሮ እስኪል ድረስ ተማረረ።

ዎከር በ1909 ታመመና ከመድረክ ወረደ፤ በጥር 1911 ሞተ። የቡድኑ ነጋዴም ተሟጋችም፣ ከቴአትር ቤት ባለቤቶች ጋር ፊት ለፊት የሚጣላውም ዎከር ነበር። ዊሊያምስ ብቻውን ቀረ። በ1910 ታላቁ የብሮድዌይ አዘጋጅ ፍሎረንዝ ዚግፌልድ «ፎሊስ» ለተባለው ዓመታዊ ትርኢቱ ቀጠረው። ከነጮቹ ተዋንያን አንዳንዶቹ ከጥቁር ጋር አንጫወትም ብለው ሲያስፈራሩ ዚግፌልድ ከእሱ በቀር ሁላችሁንም መተካት እችላለሁ ብሎ እንደመለሰ ይተረካል። ዊሊያምስ ሲፈርም ያቀረባቸው ጥያቄዎች ግን ከዚህ ጀግንነት ይልቅ ብዙ ይናገራሉ፤ ከነጭ ሴት ጋር ብቻዬን መድረክ ላይ እንዳልቀር፤ ወደ ደቡብ ክፍለ አገሮችም እንዳልሄድ። ሁለቱም ስለ ገንዘብ አይደሉም። በሕይወት የመኖር ጥያቄዎች ናቸው።

ስለዚያ ዘመኑ አንድ ታሪክ አለ፤ የነገረን አብሮት የሠራው ኤዲ ካንተር ነው። በ1917ቱ «ፎሊስ» ዊሊያምስ አባት፣ ካንተር ልጅ ሆነው ይጫወታሉ። ካንተር ነጭ አይሁዳዊ ነው፤ እሱም ፊቱን በዚያው ቡሽ ያጠቁራል። ሁለት ሰዎች በአንድ ምሽት በአንድ ጥላሸት ጠቁረው ይወጣሉ፤ ከትርኢቱ በኋላ ሁለቱም ፊታቸውን ይታጠባሉ። ወደ ሆቴላቸው ሲደርሱ ካንተር በፊተኛው በር ይገባል፤ ዊሊያምስ በጀርባ በር ዞሮ በዕቃ ሊፍት ይወጣል። ካንተር አዝኖ ሲያናግረው ዊሊያምስ ጭብጨባው ገና ጆሮዬ ውስጥ ባያስተጋባ ኖሮ ይህን ያህል ባልከፋ ነበር የሚል መልስ ሰጠው። እኔ ስለ ዊሊያምስ ሕይወት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የካንተር ጥላሸት በውሃ ለቀቀ።

ወደ ፊልሙ እንግባ። በ1913 መኸር፣ ክላው እና ኧርላንገር የተባሉት ኃያላን የቴአትር ነጋዴዎችና ባዮግራፍ የተሰኘው የፊልም ኩባንያ አንድ ረጅም ፊልም ለመሥራት ተነሡ፤ መሪው ተዋናይ ዊሊያምስ ነው። በዙሪያው ከኒውዮርክ መድረኮች የተሰበሰቡ በርካታ ጥቁር ተዋንያን ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል አዛውንቱ ሳም ሉካስና ዘፋኟ አቢ ሚቸል ይገኛሉ። ሴቷን መሪ ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ኦዴሳ ዋረን ግሬይ ናት፤ ከተዋናይነቷ ሌላ በኒውዮርኩ ሰፈር በሃርለም የሴቶች ባርኔጣ የምትሠራ ነጋዴ ነበረች። ዳይሬክተሮቹ ነጮች ናቸው። ታሪኩ ቀላል ነው። በአንድ ማኅበር ውስጥ ያሉ ሦስት ወንዶች አንዲት ቆንጆ ሴት ለማግኘት ይፎካከራሉ፤ በዓል ይደረጋል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ኬክዎክ ይጨፈራል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ፊቱን በጥላሸት የቀባው ዊሊያምስ ነው፤ በዙሪያው ያሉት እንደ ተፈጥሯቸው ናቸው። አንድ ጭምብል፣ በዙሪያው ብዙ ፊት። በደንብ የለበሱ ወንዶችና ሴቶች በፀሐይ ብርሃን ይሳሳቃሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይሽኮረመማሉ። ምናልባትም ነጭ ታዳሚው ጭምብሉን ካገኘ ሌሎቹን ፊቶች ይታገሣል የሚል ስሌት ነበረበት፤ የዊሊያምስ ጥላሸት ለሌሎቹ ጃንጥላ የሆነ ይመስለኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ፍቅሩ ነው። ዊሊያምስና ግሬይ የእንጨት ፈረሶች በሚዞሩበት መጫወቻ፣ በሜሪ ጎ ራውንድ፣ ላይ አብረው ይጋልባሉ፤ ይሳሳማሉ። በ1913 አሜሪካ ውስጥ የጥቁር ወንድና የጥቁር ሴት መሳሳም ያለ ፌዝ፣ እንደ ማንኛውም ሰው መሳሳም መቀረጹ ቀላል ነገር አይደለም።

ፊልሙ ሳይቀናበር ቀረ። ርዕስ እንኳ አልተሰጠውም። ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በ1915፣ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተጨናነቁት ቀድሞ የባዮግራፍ ዳይሬክተር በነበረው በዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ ፊልም ነበር፤ ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁርን እንደ አውሬ የተጫወቱበት፣ ጥቁሮችን ያሸብር የነበረውን የነጮች ማኅበር ኩ ክለክስ ክላንን ያወደሰና በዋይት ሀውስ ጭምር የታየ ፊልም ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ቁጣዬን መደበቅ አልችልም። የጥላቻው ጥላሸት በየከተማው ታየ፤ የዊሊያምስ ጥላሸት፣ ከጀርባው ያሉት እነዚያ የሚያማምሩ ፊቶችም ጭምር፣ መጋዘን ገቡ።

በ1916 ባዮግራፍ ከዊሊያምስ ጋር ሁለት አጫጭር ፊልሞች ሠርቶ አወጣ። አንደኛው ዓሣ አጥምዶ ሊሸጥ የሚዞርን ልጅ ያሳያል፤ የአርባ አንድ ዓመት ጎልማሳ ልጅ ሆኖ ይሮጣል፤ ብዙ የሚባልለት አይደለም። ሁለተኛው «ኤ ናቹራል ቦርን ጋምብለር» የተሰኘው ነው፤ ስለ ቁማርተኞች ነው፤ ታሪኩም በዘመኑ የነበረውን የስድብ ምስል ተሸክሟል። ሆኖም መጨረሻው ላይ ዊሊያምስ በመድረክ ላይ ለዓመታት ያሳየው የካርታ ጨዋታ አለ፤ ስለዚያ ብቻ ሲባል ፊልሙ ሊታይ ይገባዋል።

ሰውየው በቁማር ታስሯል። እስር ቤት ብቻውን ተቀምጧል። ካርታ የለውም፣ ጠረጴዛ የለውም፣ ተጫዋች የለውም። ከዚያ በማይታይ ካርታ ማደል ይጀምራል። ለዚህ አንድ፣ ለዚያ አንድ፣ ለራሱ አንድ። የራሱን ካርታ ቀስ ብሎ ገልጦ ያያል፤ ፊቱ ላይ ብርሃን ይወጣል፤ ወዲያው ያን ብርሃን ይውጠዋል፣ ሌሎቹ እንዳያዩበት። በማይታየው ባላጋራ ላይ ዓይኑን ይሰርቃል፤ ይጠራጠራል፤ ያስይዛል፤ ይጨምራል። ባላጋራው ካርታውን ሲዘረጋ የዊሊያምስ ቅንድብ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ መሸነፉን ግን ሁላችንም እናውቃለን። በባዶ አየር ላይ ብቻውን ተጫውቶ ብቻውን ተሸነፈ። ቃል የለም፤ የቃላት ጽሑፍም አያስፈልገውም። ለረጅም ጊዜ አይቼ የደረስሁበት ነገር ቢኖር፣ በዚያ ቅጽበት ጥላሸቱ መረሳቱ ነው። ዓይንና እጅ ብቻ ይቀራሉ፤ ዓይንና እጅ ደግሞ አይቀቡም።

ታዲያ ፊልም ለምን አልያዘውም? ከ«ፎሊስ» ባልደረቦቹ ደብሊው. ሲ. ፊልድስ በ1915 የመጀመሪያ ፊልሙን ሠርቶ በኋላ የሆሊውድ ታላቅ ኮሜዲያን ሆነ፤ ካንተርም በድምፅ ፊልም ዘመን ከገነኑት አንዱ ነበር። የዊሊያምስ ግማሽ ጥበብ ድምፁ ውስጥ ነበር፤ ፊልም ደግሞ ገና ዲዳ ነበር። ይህ ግን ሁሉን አይመልስም፤ የካርታው ጨዋታ ያለ ድምፅም ወሰን የሌለው ችሎታ እንደነበረው አሳይቷልና። ዋናው ሰበብ ገበያው ነው። በመድረክ ሥራው ደቡብን አልሄድም ብሎ በውል ማስቀረት ይችላል፤ ፊልም ግን ተባዝቶ በየከተማው ይላካል፤ ጥቁርን በመሪ ተዋናይነት ለማሳየት የማይፈቅዱትን የደቡብ ሲኒማ ቤቶች አልፎ ትርፍ ለማግኘት የሚደፍር ነጋዴ አልነበረም። እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ካሜራ ይቀርባል። በመድረክ ላይ ከሩቅ የሚታይ ጥላሸት የልማድ ልብስ ነው፤ በቅርብ ሲታይ ግን ሰው ከሥሩ ያለውን ፊት ይፈልጋል። ፊቱን የፈለገ ታዳሚ ደግሞ «ይህ ሰው ለምን ተቀባ?» ብሎ ወደ መጠየቁ ይመጣል፤ ያ ጥያቄ ለንግድ አይመችም።

በ1918 በአንድ መጽሔት ላይ በስሙ በወጣ ጽሑፍ፣ ጥቁር ሰው መሆን የሚያሳፍር ሆኖ አላገኘሁትም፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ ብሏል። ከዚህ የበለጠ አምርሮ ሲናገር አይገኝም። ፊልድስ ስለ እሱ፣ ካየኋቸው ሁሉ እጅግ አሳቂው፣ ካወቅኋቸው ሁሉ እጅግ ኀዘንተኛው ሰው ነው ያለው ቃል ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ታዋቂው የጥቁር አሜሪካውያን መሪና መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በበኩሉ፣ እኔ እየታገልሁ የገባሁበትን የሰው ልብ እሱ በፈገግታ ገባበት፣ ለወገኑም ከእኔ የበለጠ ሠራ ብሎ መስክሮለታል። በጥቁሮች ጋዜጦችና መሪዎች ዘንድ ግን ጥላሸቱን የሚነቅፉ አልጠፉም፤ ነቀፋቸውም እውነት ነበረው። ሁለቱንም ምስክርነቶች አንድ ላይ መያዝ ግድ ይላል።

በየካቲት 1922 መጨረሻ፣ የሳንባ ምች ይዞት ሳለ፣ ሥራው እንዳይቋረጥና አብረውት ያሉት እንጀራ እንዳያጡ እየተጫወተ ሳለ መድረክ ላይ ወደቀ። ከተማው ዲትሮይት ነው፤ ከ26 ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ያጠቆረበት ያው ከተማ። ታዳሚው የቀልዱ አካል መስሎት ሳቀ። መጋቢት 4 ቀን ኒውዮርክ ቤቱ ውስጥ በ47 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑን ለመሰናበት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰለፈ።

የ1913ቱ ፊልም ቆርቆሮዎች በባዮግራፍ መጋዘን ቆይተው በ1939 ከሌሎች ዘጠኝ መቶ ያህል ኔጋቲቮች ጋር ወደ ኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ተወሰዱ። ሰባት ጥቅል ያልተቀናበረ ፊልም ነበር፤ የታሪኩን ቅደም ተከተል የሚነግር ጽሑፍ አልነበረውም። ባለሙያዎቹ ከንፈር ማንበብ የሚችሉ ሰዎችን ጭምር አስመጥተው፣ የተዋንያኑን ማንነት አንድ በአንድ ለይተው፣ በ2014 ለሕዝብ አቀረቡት። ጥቁር ተዋንያን በመሪነት ከተጫወቱባቸው ረጃጅም ፊልሞች ሁሉ ተቀርጾ እስከ ዛሬ የተረፈው ቀዳሚው እሱ ነው። ተደጋግመው የተቀረጹ ትዕይንቶችም አልተጣሉም፤ በየመካከላቸው ተዋንያኑ ቆመው ሲጠባበቁ፣ ዳይሬክተሮቹም ሲያዘጋጁአቸው ይታያል። ከዚያ ሙዚቃ የሌለው ሜሪ ጎ ራውንድ መዞር ይጀምራል፤ ኦዴሳ ዋረን ግሬይ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ በርት ዊሊያምስ ከጎኗ ሆኖ፣ በእንጨት ፈረሶቹ መካከል ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ደግመው ይመጣሉ።